ከጉዳት ወደ ንድፍ፦ የአንጋፋው የድራግ ውድድር አሽከርካሪ የዶን ጋርሊትስ የሙያ ሕይወት እንደ ዕውቀት ምንጭ

አኅጽሮተ ጥናት

ይህ አጭር ጥናት የአሜሪካዊውን የድራግ ውድድር አሽከርካሪና መኪና ሠሪ የዶን ጋርሊትስን ረጅም የሙያ ጉዞ መነሻ በማድረግ፣ በአደገኛ ሙያ ውስጥ የሚደርስ አካላዊ ጉዳት በምን ሁኔታ ወደሚተላለፍ ቴክኒካዊ ዕውቀት እንደሚለወጥ ይመረምራል። ትኩረቱ እ.ኤ.አ. በ1970 በካሊፎርኒያ የደረሰበት የካምቢዮ ፍንዳታና በተከታዩ ዓመት ሞተሩን ከአሽከርካሪው ጀርባ ያደረገ መኪና ሠርቶ ያሸነፈበት ሂደት ነው። ትንተናው እንደሚያመለክተው ለለውጡ ወሳኝ የሆነው የሞተሩ ቦታ መቀየር ብቻ አልነበረም፤ የመሪው ምላሽ ከሰው እጅና ከሰው ስሜት ጋር እንዲጣጣም መደረጉ ጭምር ነበር። ጥናቱ ጉዳት በራሱ አስተማሪ እንዳልሆነ፣ ወደ ዕውቀት የሚለወጠውም ተጎጂው በሕይወት ሲተርፍ፣ መሣሪያውን የመለወጥ ሥልጣን ሲኖረውና የሥራ ባልደረቦች ሲያግዙት መሆኑን ይከራከራል።

ቁልፍ ቃላት፦ ድራግ ውድድር፣ የተግባር ዕውቀት፣ የደኅንነት ንድፍ፣ የሙያ ሕይወት ታሪክ

1. መግቢያ

ስለ ስፖርተኞች የሚጻፉ የሕይወት ታሪኮች አብዛኛውን ጊዜ የድል ቆጠራ ናቸው። ስንት ጊዜ አሸነፈ፣ ስንት ዋንጫ ወሰደ፣ የማንን ክብረ ወሰን ሰበረ የሚሉት ጥያቄዎች ቀዳሚውን ቦታ ይይዛሉ። ይህ አቀራረብ በሞተር ስፖርት ላይ ሲተገበር አንድ ዐቢይ ጉዳይ ይሸፍናል። በሞተር ስፖርት ውስጥ አንጋፋ ለመሆን የመጀመሪያው መስፈርት በሕይወት መቆየት ነው። አሽከርካሪው ለአሥርት ዓመታት መወዳደር የሚችለው ሌሎች ከሞቱበት ወይም ከሙያው ከወጡበት አደጋ ተርፎ፣ ከዚያም የተረፈበትን ምክንያት ተረድቶ ሲገኝ ነው። ስለሆነም የአንድን አንጋፋ አሽከርካሪ የሙያ ሕይወት ማጥናት፣ ሰው ከአደጋ የሚማርበትን መንገድ የማጥናት ያህል ሊቆጠር ይችላል።

ለዚህ ዓላማ ዶን ጋርሊትስ ተመራጭ ሆኖ ተገኝቷል። ለምርጫው ሁለት ምክንያቶች አሉ። አንደኛው፣ ጋርሊትስ የሚያሽከረክራቸውን መኪኖች ራሱ የሚነድፍና የሚሠራ ባለሙያ በመሆኑ የአሽከርካሪው ልምድና የሠሪው ውሳኔ በአንድ ሰው ውስጥ የሚገናኙበትን ሁኔታ ለመመልከት ያስችላል። ሁለተኛው፣ የሠራቸው መኪኖች በቅደም ተከተል ቁጥር ተሰጥቷቸው የተመዘገቡ ስለሆነ የንድፍ ለውጡን ደረጃ በደረጃ መከታተል ይቻላል።

የጥናቱ መሠረታዊ ጥያቄ የሚከተለው ነው፦ አካላዊ ጉዳት ወደሚተላለፍ የንድፍ ዕውቀት የሚለወጠው ምን ምን ሁኔታዎች ሲሟሉ ነው? በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

2. ጽንሰ ሐሳባዊ ማዕቀፍና የአጠናን ዘዴ

ጥናቱ በሁለት ጽንሰ ሐሳቦች ላይ ይመረኮዛል። የመጀመሪያው የሳይንስ ፈላስፋው ማይክል ፖላኒ ያብራራው የስውር ዕውቀት ጽንሰ ሐሳብ ነው። በዚህ አመለካከት መሠረት የተካነ ባለሙያ ሥራውን ሲሠራ የሚመራበት ዕውቀት ሙሉ በሙሉ በቃላት ሊገለጽ አይችልም፤ በእጅ፣ በጆሮና በሰውነት ሚዛን ውስጥ ተዋሕዶ ይኖራል። ሁለተኛው ዶናልድ ሾን እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተመው ሥራው ያስተዋወቀው የአሰላሳይ ባለሙያ ጽንሰ ሐሳብ ነው። ሾን እንደሚለው ባለሙያ ያልጠበቀው ነገር ሲገጥመው ሥራውን ራሱን መልሶ ይጠይቃል፤ ችግሩን በአዲስ መልክ ይቀርጻል፤ ከዚያም በተግባር ይፈትሻል።

ዘዴው ገላጭና ተንታኝ ነው። በይፋ የተመዘገቡ የውድድር ውጤቶችና የመኪኖቹ የንድፍ ለውጦች በጊዜ ቅደም ተከተል ከተደረደሩ በኋላ፣ እያንዳንዱ ዐቢይ አደጋ ከተከተለው የንድፍ ወይም የአሠራር ለውጥ ጋር ተነጻጽሯል። በመጨረሻም ግኝቱ በኋለኞቹ ዓመታት በዚሁ ስፖርት ውስጥ ከታዩ ሁለት የተቋማዊ ምላሽ ምሳሌዎች ጋር ተመዛዝኗል።

3. የውድድሩ ባሕርይና የአደጋው ምንጭ

ድራግ ውድድር ሁለት መኪኖች ከቆሙበት ተነሥተው በቀጥተኛ መስመር የሚሽቀዳደሙበት የፍጥነት ውድድር ነው። መደበኛው ርቀት ሩብ ማይል፣ ማለትም 402 ሜትር ያህል ነው። በእያንዳንዱ ሩጫ ሁለት ልኬቶች ይመዘገባሉ፤ አንደኛው ርቀቱን ለመጨረስ የወሰደው ጊዜ፣ ሁለተኛው በመጨረሻው መስመር አካባቢ የተደረሰበት ፍጥነት ነው። አሸናፊው የሚለየው ቀድሞ በመድረስ ስለሆነ፣ ከፍተኛ ፍጥነት ያስመዘገበ መኪና በመነሻው ላይ ከዘገየ ሊሸነፍ ይችላል።

ጋርሊትስ የተወዳደረበት ከፍተኛው ምድብ ቶፕ ፊውል ይባላል። የምድቡ ልዩ መለያ ናይትሮሜቴን የተባለው ነዳጅ ነው። አንድ ኪሎ ግራም ቤንዚን በተሟላ ሁኔታ ለመቃጠል 14.7 ኪሎ ግራም ያህል አየር ሲፈልግ፣ አንድ ኪሎ ግራም ናይትሮሜቴን የሚበቃው 1.7 ኪሎ ግራም ያህል ብቻ ነው፤ ምክንያቱም ኦክስጅንን በሞለኪዩሉ ውስጥ ይዟል። በኪሎ ግራም ሲለካ ናይትሮሜቴን ከቤንዚን በጣም ያነሰ ኃይል ቢኖረውም፣ ሞተሩ በሚስበው እኩል አየር ከስምንት እጥፍ በላይ ነዳጅ ማቃጠል ስለሚቻል የሚገኘው ኃይል ከሁለት እጥፍ ይበልጣል። ይህ ኃይል በሞተሩ፣ በፍሪሲዮኑና በካምቢዮው ላይ የሚያደርሰው ጫና የአደጋው አንዱ ምንጭ ነው።

ሁለተኛው ምንጭ የመኪናው ቅርጽ ነበር። እስከ 1970ዎቹ መባቻ ድረስ የበላይነት የነበረው ንድፍ ወንጭፍ የሚል ስያሜ ተሰጥቶት ነበር። በዚህ ንድፍ ሞተሩ ከፊት ሲሆን አሽከርካሪው ከኋላ ጎማዎቹ አክስል በስተጀርባ፣ በመኪናው ጅራት ላይ ይቀመጣል። አመክንዮው ቀላል ነው፤ ክብደት ወደ ኋላ ሲዞር የኋላ ጎማዎቹ መሬቱን አጥብቀው ይይዛሉ። ዋጋው ግን ከባድ ነበር። ፍሪሲዮኑ፣ ካምቢዮውና ዲፈረንሻሉ ከአሽከርካሪው እግሮች አጠገብና በመካከላቸው ይሽከረከራሉ፤ ሞተሩ ሲፈነዳ ዘይቱና እሳቱ በነፋሱ እየተገፋ በቀጥታ ወደ ፊቱ ይመጣል። በሌላ አነጋገር፣ ለፍጥነት የተመረጠው ቅርጽ ሰውየውን እጅግ አደገኛ ከሆኑት ክፍሎች ጋር አዛምዶ አስቀምጦት ነበር።

4. የሙያ ሕይወቱ ምዕራፎች

4.1 የምሥረታ ዘመን (ከ1950ዎቹ እስከ 1969)

ጋርሊትስ እ.ኤ.አ. በ1932 በፍሎሪዳ ግዛት በታምፓ ከተማ ተወለደ። ያደገበት አካባቢ በወቅቱ የስፖርቱ ማዕከል ከነበረችው ከካሊፎርኒያ በእጅጉ የራቀ ነበር። ይህ ርቀት በሙያ ሕይወቱ ላይ ሁለት ተጽዕኖዎች አሳድሯል። በአንድ በኩል የታወቁ ሠሪዎች በአቅራቢያው ስላልነበሩ መኪናውን በራሱ ጋራዥ መሥራት ነበረበት። በሌላ በኩል ደግሞ ውጤቱ በቀላሉ አይታመንም ነበር። በኅዳር ወር 1957 በፍሎሪዳ ብሩክስቪል በሰዓት 176.40 ማይል (284 ኪሎ ሜትር ያህል) ሲያስመዘግብ በርካታ የካሊፎርኒያ ተወዳዳሪዎች ልኬቱን ተጠራጥረውት ነበር። የመኪኖቹ የወል መጠሪያ የሆነው ስዋምፕ ራት፣ ትርጉሙም የረግረግ አይጥ፣ የመጣበትን ረግረጋማ አገር የሚያመለክት ነው፤ ሌሎች ለንቀት ሊጠቀሙበት የሚችሉትን ስያሜ እርሱ የመታወቂያ ምልክት አደረገው።

በዚህ ምዕራፍ የመጀመሪያው ከባድ ጉዳት የደረሰው በ1959 በደቡብ ካሮላይና ቼስተር ነው። የሞተሩ ሱፐርቻርጀር ፈንድቶ በእሳት ተቃጠለ፤ እስኪያገግም ድረስም አርት ማሎን የተባለው አሽከርካሪ መኪናውን ተክቶት ነዳ። ለዚህ ጥናት ዓላማ ሲታይ ክስተቱ ትኩረት የሚስበው ባስከተለው ለውጥ ሳይሆን ባላስከተለው ለውጥ ነው። እሳቱ ወደ ፊቱ የመጣው አሽከርካሪው ከሞተሩ በስተጀርባ በመቀመጡ ቢሆንም፣ የመኪናው መሠረታዊ ቅርጽ ከዚያ በኋላ ከአሥር ዓመት በላይ ሳይለወጥ ቆይቷል። ጉዳት ደርሷል፤ የጉዳቱ መንሥኤም በዓይን የሚታይ ነበር፤ ትምህርቱ ግን ወደ ንድፍ አልተሻገረም።

በ1960ዎቹ ጋርሊትስ በስኬት ላይ ስኬት ጨመረ። ነሐሴ 1 ቀን 1964 በኒው ጀርዚ ግሬት ሜዶውስ 201.34 ማይል በሰዓት (324 ኪሎ ሜትር ያህል) አስመዝግቦ የ200 ማይልን ወሰን በይፋ በመስበር ታወቀ። ክሪስ ካራሜሲኒስ በ1960 በኢሊኖይ ከዚህ የላቀ ፍጥነት አስመዝግቧል የሚል ክርክር እስከ ዛሬ አለ፤ ክርክሩ በዚህ ስፖርት ውስጥ ፍጥነት ማስመዝገብ ብቻ ሳይሆን ልኬቱን ማሳመንም የሥራው አካል እንደነበር ያስረዳል። በ1967 ከሰባት ሰከንድ በታች እስኪገባ ጢሙን ላለመላጨት ተስሎ፣ ኢንዲያናፖሊስ ላይ በ6.77 ሰከንድ ካሸነፈ በኋላ እዚያው ውድድሩ ሜዳ ላይ በሕዝብ ፊት ተላጭቷል። ይህ ድርጊት ጋርሊትስ ከተመልካቹ ጋር የነበረውን ግንኙነት ያሳያል፤ ሙያው በሽልማት ብቻ ሳይሆን በዝናም የሚተዳደር ነበርና።

በዚያው ዘመን ሌሎች ግን ተመሳሳይ ዕድል አልገጠማቸውም። ማይክ ሶሮኪን በ1967 መጨረሻ በካሊፎርኒያ ኦሬንጅ ካውንቲ በፍሪሲዮን ፍንዳታ ሕይወቱ አለፈ። ጆን ሙሊጋን በ1969 በኢንዲያናፖሊስ ውድድር ላይ በደረሰበት አደጋ ሳቢያ ከሳምንታት በኋላ ሞተ። ሁለቱም በወንጭፍ ቅርጽ መኪና ላይ ነበሩ።

4.2 የመጋቢት 1970 አደጋ

መጋቢት 8 ቀን 1970 በካሊፎርኒያ ሎንግ ቢች አካባቢ በሚገኘው ላየንስ የውድድር ሜዳ፣ ጋርሊትስ በስዋምፕ ራት 13 ላይ ሆኖ ሲነሣ ባለሁለት ፍጥነቱ ካምቢዮ ፈነዳ። ፍንዳታው መኪናውን ለሁለት ቆረጠው፤ የጋርሊትስን ቀኝ እግር ፊተኛ ክፍልም ነጠቀው። የተፈናጠረው ብረት ወደ ተመልካቹ ደርሶ በአንድ ሰው ላይ ከባድ ጉዳት አድርሷል። ይህ የመጨረሻው ነጥብ በድል ትረካ ውስጥ በቀላሉ የሚዘለል ቢሆንም ለትንተናው አስፈላጊ ነው፤ አደጋው አደጋውን ለተቀበለው ባለሙያ ብቻ ሳይሆን ምንም ላልተዋዋለው ተመልካችም ተርፏልና።

በ1959ና በ1970 መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው? ሁለቱም ጊዜ አሽከርካሪው ተጎድቷል፤ ሁለቱም ጊዜ የመቀመጫው አቀማመጥ የጉዳቱ አካል ነበር። ይሁንና በ1959 ጋርሊትስ ገና ስሙን ለማስከበር የሚጥር ወጣት ነበር፤ ሁሉም አሸናፊዎች የሚጠቀሙበትን ቅርጽ መተው ከውድድር ውጪ የመሆን ያህል ነበር። በ1970 ግን የ38 ዓመት ሰው፣ የራሱ ጋራዥ፣ የተከማቸ ስምና አብረውት የሚሠሩ የተካኑ ባልደረቦች ነበሩት። ከዚህም በላይ በቅርቡ የሞቱት የሙያ ጓደኞች አሉ። ስለዚህ ያው ዓይነት ጉዳት በተለየ የሙያ ደረጃ ላይ ሲደርስ የተለየ ጥያቄ አስነሣ። የመጀመሪያው ጥያቄ ‹‹ክፍሉ እንዳይፈነዳ ምን ላድርግ?›› ዓይነት ሲሆን፣ ሁለተኛው ‹‹ሲፈነዳ እኔ ለምን እዚያ እገኛለሁ?›› ዓይነት ነው። ሾን ችግርን በአዲስ መልክ መቅረጽ የሚለው ይህንን ዓይነቱን ሽግግር ነው።

4.3 ስዋምፕ ራት 14፦ የመሪው ጥያቄ

ሞተሩን ከአሽከርካሪው ጀርባ የማድረግ ሐሳብ የጋርሊትስ ፈጠራ አልነበረም። ከእርሱ በፊት ሌሎች ሞክረውታል፤ ነገር ግን መኪኖቹ በፍጥነት ሲሄዱ ቀጥ ብለው አይጓዙም የሚል መጥፎ ስም ነበራቸው። የጋርሊትስ አዲስ መኪናም በመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች ያንኑ ጠባይ አሳየ፤ ወዲህና ወዲያ እየተወዛወዘ አስቸገረ።

መፍትሔው የተገኘው ከኮኒ ስዊንግልና ከቲ.ሲ. ሌመንስ ጋር በተደረገው የጋራ ሥራ ሲሆን፣ ቁልፉ የመሪውን ምላሽ ማዘግየት ሆነ። ማለትም አሽከርካሪው መሪውን በተመሳሳይ መጠን ሲያዞር የፊት ጎማዎቹ ከቀድሞው ያነሰ እንዲታጠፉ ተደረገ። የዚህ ለውጥ ማብራሪያ ከፖላኒ ጽንሰ ሐሳብ ጋር በቀጥታ ይያያዛል። በወንጭፉ ቅርጽ ላይ የሚቀመጥ ሰው በመኪናው ጅራት ላይ ስለሆነ ጅራቱ ወደ ጎን ሲንሸራተት በመቀመጫው በኩል ወዲያውኑ ይሰማዋል፤ ከፊቱ የተዘረጋው ረጅም ሞተርና ሻንሲም የአቅጣጫውን መዛነፍ ያሳየዋል። አሽከርካሪው ወደ ፊት ሲመጣ ግን ሁለቱም ምልክቶች ይጠፋሉ፤ መንሸራተቱ የሚሰማው ዘግይቶ ነው። ዘግይቶ የተሰማው ሰው ደንግጦ ከሚገባው በላይ ያርማል፤ ፈጣን መሪም ትርፉን እርማት ወደ አዲስ መዛነፍ ይለውጠዋል። ስለሆነም የቀድሞዎቹ ሙከራዎች የከሸፉት ሞተሩ ከኋላ በመሆኑ ሳይሆን፣ ለአሮጌው መቀመጫ የተገራ እጅ በአዲሱ መቀመጫ ላይ ከአሮጌው መሪ ጋር በመገናኘቱ ነበር ማለት ይቻላል።

ከዚህ የሚገኘው ግኝት ጠቃሚ ነው። ስውር ዕውቀት ሁልጊዜ ለፈጠራ አጋዥ አይደለም። በአንድ ቅርጽ ላይ የዳበረ የሰውነት ልምድ ወደ ተሻለ ቅርጽ የሚደረገውን ሽግግር ሊያሰናክል ይችላል። የጋርሊትስና የባልደረቦቹ አስተዋጽኦ አዲስ አቀማመጥ መፍጠር ሳይሆን፣ የአሽከርካሪው ልምድና የማሽኑ ምላሽ በምን ነጥብ ላይ እንደሚጋጩ ለይቶ ማሽኑን ለሰው ማስማማት ነበር።

ስዋምፕ ራት 14 በ1971 መጀመሪያ በካሊፎርኒያ ፖሞና የተካሄደውን የክረምት ብሔራዊ ውድድር አሸነፈ። ከዚያ በኋላ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሞተሩ ከፊት የሆነው መኪና ከከፍተኛው ምድብ ጠፋ። ልብ ሊባል የሚገባው ለውጡ የተስፋፋው በደኅንነት ስብከት አለመሆኑ ነው። አዲሱ ቅርጽ ስላሸነፈ ሌሎች ገለበጡት። አዲሱ መኪና ደኅና ግን ቀርፋፋ ቢሆን ኖሮ የጋርሊትስ እግር ዋጋ ለእርሱ ብቻ የተከፈለ ሆኖ ይቀር ነበር።

4.4 የኋለኛው ዘመን

ጋርሊትስ ከአደጋው በኋላ የተቀዳጃቸው ውጤቶች ከበፊቱ አያንሱም። በጥቅምት 1975 በካሊፎርኒያ ኦንታሪዮ 5.63 ሰከንድና 250.69 ማይል በሰዓት (403 ኪሎ ሜትር ያህል) አስመዘገበ፤ የሰከንዱም ክብረ ወሰን ለበርካታ ዓመታት ሳይደፈር ቆየ። በብሔራዊ የሆት ሮድ ማኅበር ሥር በ1975፣ በ1985 እና በ1986 የዓመቱ ሻምፒዮን ሆኗል፤ በሦስቱ የአሜሪካ አወዳዳሪ ማኅበራት ሥር ያገኛቸው ሻምፒዮናዎች ሲደመሩ 17 ይደርሳሉ። በ1972 ደግሞ ተወዳዳሪዎች ከሚያገኙት ሽልማት ማነስ የተነሣ የባለሙያ ተወዳዳሪዎች ማኅበር እንዲመሠረት ግንባር ቀደም ሆኖ፣ በኦክላሆማ ተልሳ ከዋናው ብሔራዊ ውድድር ጋር በአንድ ሰሞን የሚካሄድ የራሳቸውን ውድድር አዘጋጅቷል። ይህ እንቅስቃሴ ከደኅንነት ጥያቄ ጋር የተያያዘ ሆኖ ይታያል፤ አደጋውን የሚሸከመው ሰው የገቢውን ድርሻ የመጠየቅ መብት አለው የሚል አቋም ነበርና።

በመጋቢት 1986 በፍሎሪዳ ጌይንስቪል፣ የአሽከርካሪው ክፍል በተሸፈነውና አፍንጫው ለነፋስ እንዲያመች በተቀረጸው ስዋምፕ ራት 30፣ 272.56 ማይል በሰዓት (439 ኪሎ ሜትር ያህል) ደረሰ። መኪናው በ1987 ዋሽንግተን ወደሚገኘው የስሚዝሶኒያን ብሔራዊ የአሜሪካ ታሪክ ሙዚየም ገባ። ይሁንና ይኸው ዘመን አዲስ ዓይነት አደጋም አሳይቷል፤ በ1986ና በ1987 መኪኖቹ አፍንጫቸውን ወደ ሰማይ አንሥተው የተገለበጡባቸው ሁለት አጋጣሚዎች ተከስተዋል። የቀድሞው አደጋ ከፍንዳታ ሲመጣ አዲሱ ከነፋስ መጣ። አንድ የንድፍ መፍትሔ ፍጥነትን ሲጨምር ቀጣዩን ችግር ይዞ እንደሚመጣ ይህ ያስረዳል።

ጋርሊትስ ከዚያ በኋላ ከመሪ የራቀባቸው ጊዜያት ነበሩ፤ ፈጽሞ ግን አልተለየም። በ69 ዓመቱ በ2001 ወደ ኢንዲያናፖሊስ ተመልሶ ለመጀመሪያ ጊዜ ከ300 ማይል በሰዓት በላይ ነዳ፤ በ2003 በጌይንስቪል 323.04 ማይል (520 ኪሎ ሜትር ያህል) አስመዘገበ። በ2014፣ በ82 ዓመቱ፣ በኤሌክትሪክ በሚሠራ ድራግ መኪና 184 ማይል ያህል፣ በ2019 ደግሞ በ87 ዓመቱ 189 ማይል ያህል (304 ኪሎ ሜትር) ደርሷል። በነዳጅ ኃይል ስሙን የገነባ ሰው በዕድሜው ማምሻ ነዳጅ ወደሌለው ማሽን መሻገሩ፣ የሙያው አስኳል ናይትሮሜቴን ሳይሆን ሙከራ እንደነበር ያመለክታል። በ1984 በፍሎሪዳ ኦካላ የከፈተው የድራግ ውድድር ሙዚየምም የሠራቸውንና ሌሎች የሠሯቸውን መኪኖች በማኖር፣ በእጅ ላይ የነበረው ዕውቀት በዓይን እንዲታይ አድርጓል።

5. ውይይት

ከላይ የቀረበው ትንተና ሦስት ሁኔታዎችን ለይቷል። የመጀመሪያው ሥልጣን ነው። ጋርሊትስ መኪናውን ራሱ ስለሚሠራ የደረሰበትን ጉዳት ወደ ንድፍ ለመለወጥ የማንንም ፈቃድ አላስፈለገውም። ደመወዝ ተከፍሎት የሌላ ሰው መኪና የሚነዳ አሽከርካሪ ተመሳሳይ ጉዳት ቢደርስበት ሊያደርግ የሚችለው ሥራውን መተው ወይም መታገሥ ነው። ሁለተኛው የጋራ ሥራ ነው። የመሪው መፍትሔ በአንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ የተወለደ አይደለም፤ ስለሆነም ሻምፒዮኑን ብቻ የሚያወሳ ታሪክ የዕውቀቱን ባለቤቶች ቁጥር ያሳንሳል። ሦስተኛው የውጤት ማረጋገጫ ነው፤ አዲሱ ንድፍ በውድድር ባያሸንፍ ኖሮ አይስፋፋም ነበር።

እነዚህ ሁኔታዎች ባልተሟሉበት ጊዜ ትምህርቱን የሚሸከመው ተቋም መሆን ይኖርበታል። ሁለት ምሳሌዎችን ማየት ይበቃል። በመጋቢት 2007 ኤሪክ ሜድለን የተባለው አሽከርካሪ በጌይንስቪል ሙከራ ላይ ሳለ በደረሰበት አደጋ ሲሞት፣ የቡድኑ ባለቤት የነበረው ሌላው አንጋፋ አሽከርካሪ ጆን ፎርስ በሟቹ ስም የደኅንነት ጥናት ፕሮጀክት አቋቁሟል። በሰኔ 2008 ስኮት ካሊታ በኒው ጀርዚ ኢንግሊሽታውን ሕይወቱ ሲያልፍ ደግሞ፣ ብሔራዊ የሆት ሮድ ማኅበር በከፍተኛዎቹ የናይትሮ ምድቦች የውድድሩን ርቀት ከ402 ሜትር ወደ 305 ሜትር ያህል አሳጥሯል። በሁለቱም ምሳሌዎች ዕውቀቱን ወደ ተግባር የለወጠው ተጎጂው ሳይሆን ከእርሱ በኋላ የቀረ አካል ነው። በጋርሊትስ ጉዳይ ተጎጂው፣ አጥኚውና ሠሪው አንድ ሰው ነበሩ፤ በኋለኞቹ ግን ሦስቱ ተለያይተዋል። ስፖርቱ እያደገ ሲሄድ ይህ መለያየት የማይቀር ስለሆነ፣ የተቋማት ኃላፊነት ከግለሰብ ብልሃት በላይ መመዘን ይኖርበታል።

ይህ ዓይነቱ ጥናት ያለበት የራሱ ውስንነት መጠቀስ ይገባዋል። አንጋፋን ማጥናት የተረፈን ማጥናት ነው። ሶሮኪንና ሙሊጋን ምናልባት ከጋርሊትስ ያላነሰ የእጅ ዕውቀት ነበራቸው፤ ያ ዕውቀት ግን ከእነርሱ ጋር ተቀበረ። ስለዚህ ‹‹ጋርሊትስ ከጉዳቱ ተማረ›› የሚለው ዓረፍተ ነገር ‹‹ብርቱ ሰው ከጉዳት ይማራል›› ወደሚል አጠቃላይ ሕግ ሊለወጥ አይገባም። ቁርጥራጩ ብረት ጥቂት ቢያዘነብል ኖሮ የምናጠናው የሙያ ሕይወት በ1970 ያበቃ ነበር። በአማርኛ ብልህ ከሰው ስሕተት፣ ሞኝ ከራሱ ይማራል ይባላል። የዚህ ስፖርት ታሪክ ግን አባባሉን ያወሳስበዋል፤ የሶሮኪንና የሙሊጋን ሞት ለሁሉም ተወዳዳሪ የታየ ሆኖ ሳለ፣ የመቀመጫው ቦታ የተለወጠው ሥልጣኑም ችሎታውም ያለው አንድ ሰው በራሱ አካል ላይ ሲደርስበት ነው። ችግሩ የብልህነት ማነስ አልነበረም፤ ብቻውን ቅርጹን የሚተው ተወዳዳሪ እንዲሸነፍ የሚያደርገው የውድድሩ ሥርዓት ነበር።

6. ማጠቃለያ

ጥናቱ የዶን ጋርሊትስን የሙያ ሕይወት በድል ቆጠራ ሳይሆን በዕውቀት ምንጭነቱ ለመመልከት ሞክሯል። የ1959ኙ ጉዳት የንድፍ ለውጥ ሳያስከትል የ1970ው ማስከተሉ፣ ጉዳት በራሱ አስተማሪ እንዳልሆነ ያሳያል። ለውጡ የመጣው ተጎጂው በሕይወት ስለተረፈ፣ መሣሪያውን የመለወጥ ሥልጣን ስለነበረው፣ የተካኑ ባልደረቦች ስላገዙትና ውጤቱ በአደባባይ ስለተረጋገጠ ነው። የመሪው ጉዳይ ደግሞ የተካነ እጅ ራሱ ለለውጥ እንቅፋት ሊሆን እንደሚችል፣ ደኅንነትም የማሽኑን አቀማመጥ ብቻ ሳይሆን ሰው ማሽኑን የሚሰማበትን መንገድ ጭምር ማጤን እንደሚጠይቅ አመልክቷል።

ለቀጣይ ጥናት ሁለት አቅጣጫዎች ይጠቁማሉ። አንደኛው፣ እንደ ስዊንግልና ሌመንስ ያሉ ከሻምፒዮኑ ጀርባ የሚሠሩ ባለሙያዎችን የዕውቀት አስተዋጽኦ ለብቻው መመርመር ነው። ሁለተኛው፣ ሠራተኛው የሚሠራበትን መሣሪያ የመለወጥ ሥልጣን በሌለው በሌሎች አደገኛ ሙያዎች ውስጥ የጉዳት ልምድ ወደ ንድፍ የሚደርስበትን ወይም በመንገድ የሚቀርበትን ሁኔታ ማነጻጸር ነው። በእነዚህ ሙያዎች ውስጥ ተጎጂው ‹‹እኔ ለምን እዚያ እገኛለሁ?›› ብሎ ሲጠይቅ ጥያቄውን ተቀብሎ መሣሪያውን ለመለወጥ የሚችለው አካል ማን እንደሆነ መለየት ለተመራማሪዎችም ሆነ ለአሠሪዎች ቀዳሚ ሥራ ሊሆን ይገባል።